ወርቅ የሌለበት የወርቅ ሐረግ፦ የሳንኬዳ ትንንሽ የቤት ዕቃዎች

በህንድ ጉጃራት ግዛት፣ ከቫዶዳራ ብዙም የማትርቀው ሳንኬዳ በእንጨት ሥራዋ የታወቀች ናት። ከዚያ የመጣ አሮጌ የአሻንጉሊት አልጋ ወይም ወንበር ቢያዩ፣ መጀመሪያ ዓይንዎን የሚይዘው በደማቅ መደብ ላይ የሚያበራው የወርቅ ሐረግ ነው። በባህላዊው አሠራር ግን ወርቅ የሚባል ነገር አይገባበትም። ምሥጢሩን ለማወቅ ዕቃውን ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ንብር በንብር እንየው።

ከሥር ያለው ቲክ የሚባለው ጠንካራ እንጨት ነው። ባለሙያው እግሩንና ዘንጉን በቶርኖ እያሽከረከረ ይቀርጻል፤ የሳንኬዳ እግሮች ወገባቸው ቀጠን፣ ሆዳቸው ከበብ ያለው በዚህ ምክንያት ነው። እንጨቱ ከለሰለሰ በኋላ የመደብ ቀለም ይቀባል።

በመደቡ ላይ ሐረጉ የሚሳለው በቆርቆሮ ነው። የቤት ክዳኑን ማለቴ አይደለም፤ በቀላሉ የሚቀልጠውን ነጭና ለስላሳ ብረት ነው። ደቅቆ ከሙጫ ጋር ይለወስና በቀጭን የሽኮኮ ጠጉር ብሩሽ ይሳላል። ሲደርቅ ደብዛዛ ግራጫ ነው። አጌት በተባለ ልሙጥ ድንጋይ ሲታሽ ግን ቅንጣቶቹ ተጋድመው ይተኛሉ፤ ያን ጊዜ እንደ ብር ያበራል።

ብሩን ወርቅ የሚያስመስለው ላክ ነው። ላክ በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት የሚያመነጩት ሙጫ ነው፤ አናጺዎቻችን የሚያውቁት ጎማላካም ከዚሁ ይዘጋጃል። ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፤ ስለዚህ በሙቀት እየታገዘ በስሱ ይለበጣል። በተፈጥሮው ወደ ቢጫ የሚያደላ በመሆኑ ከብርሃን ውስጥ ሰማያዊውን ውጦ ሌላውን ያሳልፋል። ብርሃኑ በላኩ ገብቶ፣ ከቆርቆሮው ነጥሮ፣ በላኩ በኩል ይመለሳል። ሁለት ጊዜ ተጣርቷልና ዓይናችን ወርቅ ያያል።

ይህን ከተረዱ አሮጌ ዕቃ መመርመር ይቀልልዎታል። እጅ የሚበዛበትን ቦታ፣ ለምሳሌ የወንበሩን ክንድ፣ በአጉሊ መነጽር ይዩት። ላኩ ከሳሳ ሐረጉ ወደ ብርነት ይመለሳል። በወርቅማ ቀለም የተሳለ ከሆነ ግን እስኪላጥ ድረስ ወርቅማ እንደሆነ ይቆያል። ይህ ብቻውን ዕድሜን አያረጋግጥም፤ አሠራሩን ግን ይጠቁማል።

ጽዳቱም ከዚሁ ይከተላል። ስፒርቶ ላክን ያሟሟል፤ ስለዚህ በምንም ምክንያት አያስነኩት። ውሃ ሲቆይበት ነጭ ጭጋግ ያለብሰዋል። ደረቅና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። የሳሳውን እንደገና ላክ ለማስቀባት የሚቸኩሉ ሰብሳቢዎች አሉ፤ እኔ አልመክርም። አዲሱ ልባጥ አሠራሩን የሚናገረውን ያንኑ ቦታ ይሸፍነዋል።