ልጅ ማንነቱን ይዞ ትምህርት ቤት ይገባል

በአዲስ አበባ ሰሜን፣ በጉለሌ ውስጥ ዊንጌት የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ የመጣው በ1930ዎቹ ማብቂያ እዚያ ከተቋቋመው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ነው። ዊንጌት በ1933 ዓ.ም. ከአርበኞቻችን ጎን ሆኖ ጣሊያንን የወጋ የእንግሊዝ መኮንን ነበር። ጉለሌ ደግሞ በአካባቢው ይኖር የነበረ የኦሮሞ ጎሳ ስም ነው። ሰፈር እንኳ በስሙ ታሪክ ይይዛል። ልጅማ እንዴት አይዝ!

ጉለሌ ውስጥ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች ከብዙ ዘመን ጀምሮ ይኖራሉ። በቀጨኔ ሸክላ ይሠራል። የእነዚህ ሰዎች ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ሦስት ነገር ይዞ ይገባል፤ ስሙን፣ የቤቱን ቋንቋና የወላጆቹን ሙያ።

ድሮ «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ሸማኔ ይሰደብ ነበር። በአባቱ ሙያ የተሳቀበት ልጅ አንገቱን ይደፋል። መልሱን እያወቀም እጁን አያወጣም። ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ መምህሩ የልጁን ስም ከወላጁ ጠይቆ አስተካክሎ ይጥራ። ቀደም ሲል «ለአፍ አይመችም» ተብሎ ስሙ የተለወጠበት ተማሪ ነበር። ይህ መደገም የለበትም።

ሁለተኛ፣ የቤቱ ቋንቋ ይከበር። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ተካሂዷል። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲም ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቅዷል። በአንድ ክፍል ብዙ ቋንቋ ካለ፣ ልጆቹ ሰላምታንና ከ1 እስከ 10 መቁጠርን እርስ በርስ ይማማሩ።

ሦስተኛ፣ ሙያው ክፍል ይግባ። ሸማኔው አባት መወርወሪያውን ይዞ ይምጣ፤ ድርና ማጉን ያሳይ። ልጆቹ የጥለቱን መስመሮች ይቁጠሩ። ይህም ሒሳብ ነው!

አንድ ነገር ልብ እንበል። «አንተ የእነእንትና ወገን ነህ» ብለን በልጅ ላይ ምልክት አንለጥፍ። አንድ ልጅ የሸማኔ ልጅ፣ የዊንጌት ልጅ፣ ኢትዮጵያዊና ኳስ ወዳድ ሊሆን ይችላል። ስለ ራሱ መናገር ሲፈልግ ራሱ ይንገረን።

እኛ ወላጆችም ቤት ውስጥ አፋችንን እንጠብቅ። ማታ በጎረቤት ላይ የሰነዘርነውን ስድብ ልጃችን ጠዋት ክፍል ይዞት ይገባል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ስምህን ማን አወጣልህ? ትርጉሙስ ምንድን ነው?
2. በሰፈራችሁ የሚናቅ ሙያ አለ? ያለ እሱ ምን ይጎድልባችኋል?
3. ልጃችሁ በስሙ ወይም በቋንቋው ተስቆበት ቢመጣ ምን ትሉታላችሁ?