መነሻውን ስማ

ልጄ፣ መነሻ ፊደላቸው የገጠመ ሐረጎችን ከድሮ መጻሕፍት ልትለቅም መነሳትህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ልብህ ለሥራው ዝግጁ ነው፤ እጅህ ግን ይቸኩላል። ከወንጪ ወደ አምቦ ከመውረድህ በፊት ይህን አንብበው።

1. ጮክ ብለህ አንብብ። ዓይን ፊደል ይቆጥራል፣ ድምፅ የሚይዘው ግን ጆሮ ነው። «ሥራ» እና «ሰው» በዓይን ይለያያሉ፤ ስትናገራቸው በአንድ ድምፅ ይነሳሉ። በዓይንህ ብቻ ከለቀምክ ግማሹ ያመልጥሃል።

2. ቅጥያውን ገፈህ ሥሩን እይ። እኔ በወጣትነቴ «በመንገድ፣ በገበያ፣ በዳገት» የመሰለውን ሁሉ እያሰመርኩ አንድ ደብተር ሞልቼ ነበር። አንድ የቅኔ ሰው አየውና «እስኪ ‹በ›ን አንሳው» አለኝ። ሳነሳው ከደብተሩ የተረፈው ጥቂት ገጽ ነው። አሁን ደግሞ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተመልከት። «ሲ»ን ብታነሳው እንኳ «ሾ» እና «ሻ» ይቀራሉ። ያ እውነተኛ የድምፅ ስምምነት ነው፤ ሹመትና ሽረት ጎን ለጎን የሚኖሩ መሆናቸውን ድምፁ ራሱ ይናገራል። በአማርኛ የ፣ ለ፣ ከ፣ ስ እና ይ ሁሉ እንዲህ ያታልላሉ፤ ስለዚህ አንዱንም ሳታነሳ አትቁጠር።

3. በሁለቱም ቋንቋህ አዳምጥ። ኦሮምኛህን ቤት ትተህ አትሂድ፣ ልጄ። እናቶቻችን «ሃቲ ሃቱን ኢንተለ ሂን አመንቱ» ይላሉ፤ እናትና ሌባ በ«ሀ» ይያያዛሉ። አማርኛው «ሌባ እናት ልጇን አታምንም» ይላል፤ እዚህ ደግሞ ሌባና ልጅ በ«ለ» ይገጥማሉ። ሐሳቡ አንድ ሆኖ እያንዳንዱ ቋንቋ የራሱን ጥንድ መርጧል፦ አንዱ ሌባን ከእናት፣ ሌላው ሌባን ከልጅ ጋር አሰረ። ይህን ያስተዋልኩት ካረጀሁ በኋላ ነው፤ አንተ አሁኑኑ ጀምር። ኦኔስሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ እ.ኤ.አ. በ1894 በምንኩሉ ያሳተሙትን የኦሮምኛ ማስተማሪያ ካገኘህ አትለፈው። በግዕዝ ፊደል ተጽፎ ተረትና ምሳሌ ይዟል፤ ለአንተ ሥራ ከዚያ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

4. ትርጉምን ከምንጩ ለይ። ዳዊት ስትደግም መዝሙር 118 ላይ «አሌፍ»፣ «ቤት» የሚሉ ርእሶች ታያለህ። በዕብራይስጡ በእያንዳንዱ ርእስ ሥር ያሉት 8 ቁጥሮች ሁሉ በዚያው ፊደል ይጀምራሉ፤ 22 ፊደል በ8 ተባዝቶ 176 ቁጥር ይሆናል። ወደ ግዕዝ ሲተረጎም ርእሱ እንዳለ ቀረ፣ የድምፅ ስምምነቱ ግን ጠፋ። በትርጉሙ ውስጥ ያልገጠመውን ገጠመ ብለህ አትጻፍ። በአጋጣሚ የገጠመውንም ለዳዊት አትስጥ።

5. የሌለውን አታስገድድ። የአማርኛ ግጥም ቤት የሚመታው መጨረሻው ላይ ነው፤ «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ስንል ጆሯችን የሚጠብቀው «ሩ»ን ነው። በሶማሊኛ ግን መነሻው ድምፅ የግጥም ሕግ ነው፤ ገጣሚው የመረጠውን ድምፅ ከስንኝ ስንኝ ይዞ ይዘልቃል። በእኛ ዘንድ መነሻው ሲገጥም ጸሐፊው በፈቃዱ የጨመረው ጌጥ ነውና፣ ባላገኘኸው ቁጥር አትከፋ።

6. ስትጠራጠር «አጠራጣሪ» ብለህ ለብቻው አኑር። ከአምቦ አጠገብ ቦዳ የተወለደው ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን የግጥም መድብሉን «እሳት ወይ አበባ» ሲል እ እና አ ከአንድ የፊደል ቤት ናቸው፤ ጆሮ የሚሰማው ግን ሁለት የተለያዩ አናባቢዎችን ነው። ጸጋዬ አስቦበት ይሁን ሳያስብበት፣ አንተ ልትወስንለት አትችልም።

7. ገጹን፣ ዓመተ ምሕረቱንና ከማን እንደሰማህ እዚያው ጻፍ። ነገ እጽፈዋለሁ ያልኩት ሁሉ ጠፍቶብኛል።

ለፋሲካ ስትመጣ ደብተሩን ይዘህ ና። ወንጪ ሐይቅ ዳር ወዳሉት አሮጊት አክስትህ እንወርዳለን፤ አንተ ታነባለህ፣ እሳቸው የጎደለውን ይሞሉልሃል።