እንጉዳይን በብርዕና በቀለም ስለ መሣል
(ለቅዱስ ዮሐንስ በዓል ካርድ)

በመቀሌና በዙሪያዋ ባሉት መንደሮች የዓመቱ ዝናም አብዛኛው የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በዚያን ጊዜ በግጦሽ መሬት፥ በኩይሳ አጠገብና በበሰበሰ እንጨት ላይ በአማርኛ እንጉዳይ፥ በትግርኛ ቃንጥሻ የሚባለው ይወጣል፤ ጥቂት ቀንም ቆይቶ ይጠፋል። ልጆች መስከረም 1 ቀን ለወላጅና ለጎረቤት የሚሰጡትን ሥዕል የሚያዘጋጁት በዚሁ ወራት መጨረሻ ነውና፥ ዘወትር ከሚሣሉት ከአደይ አበባና ከመልአክ ጋራ እንጉዳይም ቢጨመር መልካም ነው።

አስቀድሞ የምትሥለውን ዕወቅ። እንጉዳይ እንደ ሣር ያለ ተክል አይደለም፤ ምግቡን ከፀሐይ ብርሃን አያዘጋጅምና። አካሉ በምድር ወይም በእንጨት ውስጥ እንደ ድር ቀጥኖ የተዘረጋ ነው፤ ከላይ የምናየው ዘሩን የሚበትንበት ክፍል ብቻ ነው። ዘሩም እንደ ዱቄት የላመ ኾኖ ከቆቡ በታች ባለው ሽንሽን ላይ ያድራል። በኩይሳ ላይ የሚወጣው ወገን ምስጦች በቤታቸው ውስጥ እንደ እርሻ የሚያለሙት ነው፤ እግሩም እንደ ሥር ረዝሞ እስከዚያ ይወርዳል። ስለዚህ እንጉዳዩን ከአንገቱ ቀንጥሰህ አታምጣ፤ ዙሪያውን ቆፍረህ ከነግርጌው አውጣው።

እኔ በልጅነቴ የሣልኩትን እንጉዳይ ግርጌውን በሣር ሸፍኜው ነበር፤ ሣር መሣል ይቀላልና። ያዩት ኹሉ አመሰገኑኝ፤ ሥዕሉ ግን ዋናውን ነገር ደብቆ ነበር። በዓለም ላይ ሰው ከሚገድሉት እንጉዳዮች የከፉት በእግራቸው ግርጌ ከረጢት የመሰለ ሽፋን፥ ከፍ ብሎም ቀለበት አላቸው፤ ሽንሽናቸውም ነጭ ነው። በግጦሽ መሬት የሚበቅለውና የሚበላው ወገን ግን ሽንሽኑ በመጀመሪያ ሮዝ፥ ኋላም ጥቁር ቡናማ ይኾናል። ኾኖም በዚህ ምልክት ብቻ፥ ይልቁንም በሥዕል ተማምኖ የሚበላ አይኑር። የእነዚያ መርዝ በመቀቀል አይጠፋም፤ ሕመሙም የሚጀምረው ከብዙ ሰዓት በኋላ ነው። ለሥዕል የመጣ እንጉዳይ ወደ ድስት አይገባም፤ የነካውም እጁን ይታጠብ።

ቁም ጸሐፊዎች ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸት፥ ከተቆላና ከተፈጨ እህል፥ ከሙጫም አዘጋጅተው ብዙ ወራት ያብላሉታል። ለካርድ ግን የሱቁ ይበቃል። ብርዑ ከመቃ ተቀርጾ ጫፉ ይሰንጠቅ። ወረቀቱም ወፍራም ይኹን፤ ስሱ ቀለም ይጠጣልና። ለሁለት እጠፈውና እጥፉን በስተ ግራ አድርገው።

መጀመሪያ በእርሳስ ቀስ ብለህ የእግሩን መካከል አስምር። የቆቡ ከንፈር ከጎን ሲታይ ሙሉ ክብ አይደለም፤ እንደ እንቁላል ጠበብ ብሎ ይታያል። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው በሽንሽኑ ነው፤ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይደረድረዋል። ሽንሽኑ ግን እንደ ጃንጥላ ሽቦ ከከንፈሩ ተነሥቶ ወደ እግሩ ይሰበሰባል። ከዚያ በኋላ በቀለም ጻፈው፤ ጥላውንም በነጥብና በቀጭን መስመር አጥቁረው። ብርሃን ያረፈበትን ስፍራ አትንካ፤ ቀለም የጠጣ ወረቀት ነጭነቱ አይመለስምና። በቀኝ እጁ የሚሥል ከላይ ከግራ ይጀምር። የጸሐፊ ጠላቱ የገዛ እጅጌው ነው፤ እኔ ስንቱን አበላሽቼበታለሁ!

እንግሊዛዊቱ ቢያትሪክስ ፖተር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1893 ለአንድ ለታመመ ልጅ በብርዕ ሥዕል ያጌጠ ደብዳቤ ላከች፤ በኋላም ስለ ጥንቸል የሚተርከው የታወቀው መጽሐፏ ከዚያ ወጣ። በዚያው ዘመን እንጉዳይ በብዙ ትሥል ነበር። በ1897 ስለ ዘሩ አበቃቀል የጻፈችው በሎንዶን በሊኒየን ማኅበር ሲቀርብ፥ ሴቶች በጉባኤው እንዲገኙ አይፈቀድም ነበርና ሌላ ሰው አቀረበላት።

መሣል የሚያስቸግረው ልጅ ቢኖር የእንጉዳዩን ቆብ ቈርጦ ሽንሽኑን ወደ ታች በካርዱ ላይ ያስቀምጥ፤ በጣሳም ከድኖ ያሳድረው። ሲነጋ ዘሩ ረግፎ የሽንሽኑን መልክ አትሞ ይገኛል። በካርዱ ጀርባ ግን ሠዓሊውም አታሚውም እንጉዳዩ የተገኘበትን ቦታና ቀን ይጻፍ፤ ይኸውም «ነሐሴ 20 ቀን፥ ከወንዙ በላይ ካለው ኩይሳ» እንደ ማለት ነው።