ለሞተ ጓደኛህ ምን ይደርሰዋል?



የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻችን ጓደኛውን በካንሰር ላጣ ወጣት ነው።

ጓደኛ ሲሞት የምናደርገው ይታወቃል። ጀናዛውን እንሸኛለን፣ ቤተሰቡን እናጽናናለን፣ ፎቶውን ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ እንለጥፋለን። በዓመቱ ያው ፎቶ ተመልሶ ይወጣል። ሐዘናችን እውነት ነው፤ ግን ቀብር ውስጥ ያለው ወንድማችን ላይክም ኮሜንትም አያይም። ታዲያ ምን ይደርሰዋል?

ሰዕድ ቢን ዑባዳ (ረ.ዐ) እናቱ የሞተችው እሱ በሌለበት ነበር። ሲመለስ በእሷ ስም ሰደቃ ቢሰጥ ይጠቅማት እንደሆነ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቃቸው፤ አዎ አሉት። እሱም የአትክልት ቦታውን ለእሷ ሰደቃ አደረገ። ቡኻሪ ዘግበውታል። ለሟች የተሰጠ ሰደቃ እንደሚደርሰው ዑለሞች የተስማሙበት መሆኑን ኢማም ነወዊ ጽፈዋል።

"እኔ ልጁ አይደለሁም፣ ጓደኛው ነኝ" ትል ይሆናል። ዕዳ ያለበትና መክፈያ ያልተወ ሰው ጀናዛ በቀረበ ጊዜ የሆነውን አስታውስ። ዕዳው ሦስት ዲናር ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሶሐቦች እንዲሰግዱበት ነግረው እሳቸው ግን ቆዩ። አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) "ዕዳው በእኔ ላይ ይሁን" ሲል ያኔ ሰገዱበት። ይህም በቡኻሪ ተዘግቧል። ለሟቹ የደረሰለት ልጁ ወይም ወራሹ አልነበረም፤ የእምነት ወንድሙ ነበር።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እናታችን ኸዲጃ (ረ.ዐ) ካረፈች ከዓመታት በኋላ እንኳ በግ ሲያርዱ ሥጋውን ለጓደኞቿ ይልኩ ነበር። ፍቅር እንዲህ ይታወሳል፤ ሟቹ ይወዳቸው ለነበሩት እጅ በመዘርጋት።

እንግዲህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ ከየት እንጀምር?

1. ከዕዳው ጀምር። ካንሰር የቤት ገንዘብ ይጨርሳል። በሬ ይሸጣል፣ ከጎረቤት ብድር ይወሰዳል፣ የመድኃኒት ዱቤ ይቀራል። ቤተሰቡን ለብቻ፣ በአክብሮት ጠይቅ። ዕዳ ካለ ከድግሱም ከመታሰቢያ ቲሸርቱም በፊት እሱ ይቅደም።

2. ሰደቃህን እሱ በሄደበት መንገድ ላይ አድርገው። ከአምቦ አዲስ አበባ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጌዶና ከባኮ ደግሞ ይርቃል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት በሀገራችን የጨረር ሕክምና የሚሰጥ ብቸኛው ቦታ ነበር። ኬሞቴራፒ አንዴ ተወስዶ አያበቃም፤ አብዛኛውን ጊዜ በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ ይደጋገማል። ጨረር ሲሆን ለሳምንታት በተከታታይ መመላለስ ያስፈልጋል። ለጤነኛ ሰው ቀላል የሆነው የአውቶቡስ ጉዞ ለሚያስመልሰው ታማሚ ከባድ ነው። ትራንስፖርትና ማደሪያ አጥቶ ሕክምናውን የሚያቋርጥ አለ። ጓደኛህን ያስታመምክ ከሆነ የቱ ጋ እንደተቸገረ ከማንም በላይ ታውቃለህ። እዚያው ላይ ስጥ።

ምሳሌው በሀገራችን አለ። አቶ ወንዱ በቀለ ልጃቸው ማቲዎስ በ4 ዓመቱ በደም ካንሰር ሞተባቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 በልጃቸው ስም ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን መሠረቱ። ማኅበሩ ከክፍለ ሀገር ለሕክምና ለሚመጡ ታማሚዎች አዲስ አበባ ውስጥ ማረፊያ ይሰጣል። የአንድ ሕፃን ስም ለብዙ መንገደኛ መጠለያ ሆነ ማለት ነው።

3. ገንዘብ ከሌለህ ደም አለህ። የካንሰር ታማሚዎች በሕክምናው ምክንያት ደምና ፕላትሌት በተደጋጋሚ ያስፈልጋቸዋል። ፕላትሌት ከተለየ በኋላ ከ5 እስከ 7 ቀን ብቻ ነው የሚቆየው፤ ስለዚህ ለጋሽ ሁልጊዜ ይፈለጋል። ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መስጠት ይችላል።

4. ትንሽም ቢሆን አታቋርጥ። አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ጥቂትም ቢሆን የሚዘወተረው ነው። 10 ጓደኛሞች በየወሩ 100 ብር ቢያዋጡ በዓመት 12,000 ብር ይሆናል። አንድ ታማሚ ቀጠሮው ሳያመልጠው እንዲመላለስ ያግዛል። ገንዘቡን ሁለት ታማኝ ሰዎች ይያዙት፣ ገቢና ወጪው ይጻፍ፤ አማና ነውና። ዘካ ከሆነ ግን ከዚህ ጋር አትቀላቅለው፤ ዘካ ቁርኣን የዘረዘራቸው 8 ባለመብቶች አሉት።

5. ሃይማኖቱን አትጠይቅ። በአምቦም በጉደርም በጊንጪም ከሌላ እምነት ተከታዮች ጋር ጎረቤት ነን። ሰደቃ ሙስሊም ላልሆነ ችግረኛም ይሰጣል፤ በሰላም ለሚኖሩን ሰዎች በጎ እንዳንሠራ አላህ አልከለከለንም።

6. የታማሚውን ክብር ጠብቅ። ፀጉሯ የረገፈ እህት ብር ስትቀበል እየቀረጽክ ቲክቶክ ላይ አትልቀቅ። መመጻደቅና ማስከፋት ሰደቃን እንደሚያበላሽ ቁርኣን አስጠንቅቆናል። ጓደኛህ በዚያ ሁኔታ እንዲታይ ትፈልግ ነበር?

7. ዱዓ ምንም ወጪ የለውም። ለወንድሙ በሌለበት ዱዓ ላደረገ ሰው መልአክ "ላንተም እንደዚያው" እንደሚለው በሙስሊም ሐዲስ ተዘግቧል። ሳያገባ፣ ዱዓ የሚያደርግለት ልጅ ሳይተው ለሞተ ወጣት የጓደኞቹ ዱዓ ምን ያህል እንደሚያስፈልገው አስብ።

ዛሬ ከጁሙዓ ሶላት ስትወጣ አንድ ነገር ብቻ አድርግ። የጓደኛህን እናት ደውልላት፣ ሰላም በላት፣ የቀረ ዕዳ እንዳለም በቀስታ ጠይቃት። ልጇ ሲሞት ጓደኞቹም አብረው እንዳልጠፉ ታውቃለች።

ያ አላህ! በካንሰር ያለፉ ወንድሞቻችንንና እህቶቻችንን ማርልን፣ ሕመማቸውን የወንጀላቸው ማበሻ አድርግላቸው፣ ቀብራቸውን አስፋላቸው። በየሆስፒታሉ ያሉትን አሽርልን፣ አስታማሚዎቻቸውን አበርታልን። አሚን።