ድባቴን ጠይቆ ማወቅ



ቢያንስ ለ2 ሳምንት፣ አብዛኛውን ቀን፣ የሚከፋው ወይም ደስታ የራቀው፣ እንቅልፉ፣ ምግቡና ትኩረቱ የተዛባ ተማሪ ድባቴ ይዞት ሊሆን ይችላል። ይህን «የኢማን ድክመት» ካልነው ሕመሙን ይደብቀናል። ነቢዩ ያዕቆብ (ዐ.ሰ) በልጃቸው ሐዘን ዓይናቸው ነጥቷል፤ ኢማናቸውን ማን ይጠረጥራል? መልእክተኛውም (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘዋል።

የካምፓስ ክሊኒክ «ጨነቀኝ» ብሎ የሚመጣውን ብቻ መጠበቅ የለበትም፤ ለራስ ምታትና ለጨጓራ የመጣውንም ይጠይቅ። ፒኤችኪው-9 የተባለው መጠይቅ 9 ጥያቄዎች አሉት። ለእያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል፤ ድምሩ ከ27 ነው። 10ና ከዚያ በላይ ያገኘ በባለሙያ ይመረመራል። 9ኛው ጥያቄ ስለ ሞት ሐሳብና ራስን ስለ መጉዳት ነው፤ እዚህ ላይ ከ0 በላይ የመለሰ፣ ድምሩ ቢያንስም፣ በዚያው ቀን ባለሙያ ያነጋግረው። መለኪያ ግን አያክምም፤ ቀጠሮ፣ የምክር አገልግሎት፣ ሲያስፈልግም መድኃኒት ሊከተለው ይገባል።

የእኛስ ድርሻ? ከሰፍ የጠፋውን ዶርሙ ድረስ ሄደን እንጠይቅ፦ «ትተኛለህ? ትበላለህ?» ክሊኒክ አብረነው እንሂድ፤ ምስጢሩን እንጠብቅ። ሞትን ካነሳ ግን ለባለሙያ እንንገር፤ ብቻውንም አንተወው። እህቶችም ለእህቶቻቸው እንዲሁ።

አላህ ለታመሙት ሺፋውን ይስጥልን።