ለመጀመሪያ ጊዜ ድረ ገጽ ለሚያቆም ትምህርት ቤት ስለ ጽሑፉ አዘገጃጀት የተሰጠ ትምህርት

ለመምህራንና መጽሐፍ ለሚያነቡ የአገር ሽማግሌዎች

ድረ ገጽ የሚባለው በየትም አገር ያለ ሰው በስልኩ ወይም በኮምፒዩተሩ ከፍቶ ሊያነበው የሚችል፥ በኢንተርኔት አማካይነት የተዘረጋ ጽሑፍ ነው። ብዙ ሰዎች ይህን ነገር የመሣሪያና የሥዕል ሥራ ብቻ አድርገው ያዩታል። ስለዚህ አንድ ትምህርት ቤት ድረ ገጽ ላቁም ብሎ በተነሣ ጊዜ አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ቀለሙና ስለ ፎቶግራፉ ሲሆን፥ ጽሑፉ በመጨረሻው ቀን በችኰላ ይጻፋል። ይህ አካሄድ የተገለበጠ ነው። ቲም በርነርስ ሊ የሚባለው እንግሊዛዊ በጄኔቭ ከተማ አጠገብ ባለው ሰርን በተባለው የምርምር ተቋም ሲሠራ ሳለ በ1989 (በአውሮፓ አቈጣጠር) አሳቡን ለአለቆቹ በጽሑፍ አቀረበ፤ በ1991 ለሕዝብ የተገለጠው የመጀመሪያው ድረ ገጽም ሥዕል የሌለው ጽሑፍ ብቻ ነበረ። ይኸውም ሥራው ምን እንደ ሆነ፥ እነማን እንደ ሠሩትና ሌላው ሰው እንዴት ሊጠቀምበት እንደሚችል የሚያስረዳ ነበር። በ1993 ደግሞ ሰርን ሰው ሁሉ ያለ ዋጋ እንዲጠቀምበት ፈቀደ። የገጠር ትምህርት ቤትም ለመጀመሪያ ገጹ ከነዚህ ከሦስቱ ጥያቄዎች የበለጠ አያስፈልገውም፤ ምንድር ነው? የማን ነው? እንዴት ይገኛል?

ጽሑፉን የሚያዘጋጀው መምህር ኮምፒዩተሩን ከመክፈቱ በፊት ወረቀትና እርሳስ ይያዝ። በወረቀቱም ላይ ገጹን የሚያነቡት እነማን እንደ ሆኑና እያንዳንዳቸው ምን ለማወቅ እንደሚመጡ ይጻፍ። ልጁን ሊያስመዘግብ የሚፈልግ ወላጅ አለ፤ ወደዚያ ቀበሌ አዲስ የተመደበ መምህር አለ፤ በአዲስ አበባ ወይም በዋሽንግተን ወይም በሪያድ ተቀምጦ የተማረበትን ትምህርት ቤት የሚናፍቅና ሊረዳም የሚያስብ የአገር ልጅ አለ። ወላጁ ቀኑን ይጠይቃል፤ መምህሩ መንገዱንና የመኖሪያውን ነገር ይጠይቃል፤ በውጭ አገር ያለው ደግሞ ምን እንደ ጐደለና ማንን ማነጋገር እንዳለበት ይጠይቃል። ጽሑፉ ለነዚህ ጥያቄዎች መልስ ካልሰጠ የቃሉ ማማር ብቻውን ምንም አይጠቅምም። ደግሞም ማንበብ የማይችለው ወላጅ ገጹን በልጁ አፍ እንደሚሰማው መዘንጋት አይገባም። ስለዚህ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ለዓይን ብቻ ሳይሆን ለጆሮም የተመቸ እንዲሆን ጸሓፊው ጮኾ ያንብበው። በአንድ ትንፋሽ ተነቦ የማያልቀውን ዓረፍተ ነገር ከሁለት ይክፈለው።

በድረ ገጽ ላይ ሰው የሚያነበው በመጽሐፍ ላይ እንደሚያነበው አይደለም። ያኮብ ኒልሰን የሚባለው የዴንማርክ ተወላጅ በ1997 (በአውሮፓ አቈጣጠር) በገለጠው ምርመራ፥ ከተፈተኑት ሰዎች ከመቶው 79ኙ አዲስ ገጽ ሲያገኙ በዓይናቸው ገረፍ ገረፍ አድርገው አልፈውታል፤ ቃል በቃል ያነበቡት ከመቶው 16ቱ ብቻ ነበሩ። ዳዊት ስንደግም አንዲት ፊደል እንዳታልፈን በበትር እየተቀጣን ላደግነው ይህ ነገር ቅር ያሰኛል፤ ነገር ግን አንባቢውን ልንቀጣው አንችልምና ጽሑፋችንን ልናስተካክልለት ይገባል። የማስተካከያውም ሥርዓት ከጉባኤ ቤት ለወጣ ሰው እንግዳ አይደለም። መምህሩ አስቀድሞ ንባቡን ያሰማል፥ ኋላ ትርጓሜውን ያመጣል፥ ከዚያም በሐተታ ያስፋፋዋል። በድረ ገጽም ላይ እንዲሁ ዋናው ቃል በመጀመሪያው መስመር ይቀመጥ፤ ምክንያቱና ዝርዝሩ ከታች ይከተል። የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አንብቦ የሚሄድ ሰው የሚያስፈልገውን ይዞ እንዲሄድ ነው። በቅኔ ወርቁን በሰም መሸፈን የሊቅነት ምልክት ነው፤ ምዝገባ መቼ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ገበሬ ግን ሰሙን የሚያቀልጥበት ጊዜ የለውም።

ስለ ሰላምታም አንድ ነገር እንናገር። በአገራችን ደብዳቤ ልማድ «ይድረስ» ብሎ ጀምሮ የተቀባዩን ጤንነት ሳይጠይቁ ወደ ጕዳይ መግባት ነውር ነው። ከዚህ የተነሣ ብዙ ጸሓፊዎች የድረ ገጹን የመጀመሪያ ቦታ ለሰላምታና ስለ ትምህርት ጥቅም ለሚነገር ምስጋና ይሰጡታል። ደብዳቤ ግን ለአንድ ለታወቀ ሰው የሚላክ ነው፤ ድረ ገጽ በር ላይ እንደ ተለጠፈ ማስታወቂያ ነው። በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ «እንደምን ሰንብታችኋል» ሲል ታይቶ አይታወቅም። ለምሳሌ ያህል እንዲህ የሚል ጽሑፍ እናስብ፤ «የተከበራችሁ የድረ ገጻችን ጐብኚዎች ሆይ፥ እንኳን በደህና መጣችሁ። ትምህርት የዕድገት መሠረት መሆኑ የታወቀ ነው። ትምህርት ቤታችንም ትውልድን በዕውቀት ለማነጽ ከፍ ያለ ጥረት በማድረግ ላይ ይገኛል። የምዝገባውንም ቀን በቅርቡ እናስታውቃለን።» በዚህ ውስጥ ሐሰት የለበትም፤ ነገር ግን አንባቢው ይዞት የሚሄድ አንድ ፍሬ አላገኘም። ደግሞም «በቅርቡ» የሚለው ቃል ከተጻፈበት ቀን ስድስት ወር በኋላም ያው «በቅርቡ» ሆኖ ይቀራል። በዚህ ፈንታ ቢጻፍ የሚሻለው እንዲህ ያለው ነው፤ «የአዲስ ተማሪዎች ምዝገባ ከነሐሴ 20 ቀን እስከ ጳጉሜን 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ድረስ ነው። ሰዓቱ ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ነው። ቅዳሜና እሑድ አንመዘግብም። ወላጅ የልጁን የክትባት ካርድ ይዞ ይምጣ።»

ቀኑ ከተለወጠ ግን ያንኑ ዕለት በገጹ ላይ መለወጥ ግዴታ ነው። ነሐሴ የአረም ጊዜ ነው። አንዲት ባል የሞተባት ሴት አረሟን ትታ፥ ልጇን ይዛ፥ ወንዝ ተሻግራ፥ ሁለት ሰዓት በእግር ከመጣች በኋላ «ምዝገባው ለሚመጣው ሳምንት ተዛውሯል» ብትባል በሁለተኛው ሳምንት ላትመለስ ትችላለች፤ ልጁም ለአንድ ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም ለዘለዓለም፥ ከትምህርት ይቀራል። ጊዜው ያለፈበት ማስታወቂያ ከመተው ማስታወቂያ ጨርሶ ባይኖር ይሻል ነበር።

የብራና ጸሓፊ የክፍሉን መጀመሪያ በቀይ ቀለም የሚጽፈው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ አንባቢው የሚፈልገውን ስፍራ ፈጥኖ እንዲያገኝ ነው። በድረ ገጽም ላይ አርእስት ይህንኑ ሥራ ይሠራል። ስለዚህ «ልዩ ልዩ ጕዳዮች» ከማለት «ወደ ትምህርት ቤቱ የሚወስደው መንገድ» ማለት ይሻላል። ወደ ሌላ ገጽ የሚያሻግረው ሊንክም «እዚህ ይጫኑ» ተብሎ አይጻፍ፤ ወዴት እንደሚወስድ በስሙ ይጠራ።

ስለ ትምህርት ቤቱ ታሪክ ሲጻፍ የሽማግሌዎች እርዳታ የግድ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች የተመሠረቱበትን ቀን የሚናገር ወረቀት የላቸውም፤ ያለው የሰው ትዝታ ብቻ ነው። ትዝታውም የሚቈጠረው በዓመተ ምሕረት ሳይሆን በታላላቅ ነገሮች ነው፤ «ጣሊያን ከወጣ በኋላ»፥ «በዘመቻው ጊዜ» ይባላል። መምህሩ ይህን ወደ ዓመተ ምሕረት ሲመልስ ይጠንቀቅ። ዘመቻ ሲባል ተማሪዎች ወደ ገጠር የወጡበት በ1967 ዓ.ም. የተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሊሆን ይችላል፤ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ሊሆን ይችላል። በሁለቱ መካከል የአራት ዓመት ልዩነት አለ። ስለዚህ ሽማግሌውን «ያን ጊዜ ሕንፃውን የሠሩት ከከተማ የመጡት ተማሪዎች ናቸውን? ወይስ ማታ ማታ ትልልቆቹ ሰዎች ፊደል ይቈጥሩ የነበረበት ጊዜ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ሁለት ሽማግሌዎች ባይስማሙ አንዱን አስነሥቶ ሌላውን መጣል አይገባም፤ «የአካባቢው ሽማግሌዎች አንዳንዶቹ እንዲህ ይላሉ፥ ሌሎቹም እንዲህ ይላሉ» ብሎ ሁለቱንም መጻፍ ይገባል። አንድምታ ያነበበ ሰው ይህን ያውቀዋል። በድረ ገጽ ላይ የተጻፈ ስሕተት ከአንዱ ወደ ሌላው እየተቀዳ ስለሚሄድ ኋላ እውነቱን መመለስ ይቸግራል።

ስለ ራስም ሲጻፍ ማጋነን አይገባም። «በአገሪቱ ተወዳዳሪ የሌለው» የሚለውን ቃል ማንም አያምነውም። «አምስት የመማሪያ ክፍሎች አሉን፤ ሁለቱ በሮች የላቸውም፤ ውኃ የሚቀዳው ከምንጭ ነው» ብሎ መጻፍ ግን ውርደት አይደለም። በሩቅ አገር ያለው የአገር ልጅ በር ለማሠራት ገንዘብ የሚያወጣው በር እንደ ጐደለ ሲያውቅ ነው። የተገኘውንም እርዳታ ምን እንደ ተሠራበት በዚያው ገጽ ላይ መጻፍ ይገባል፤ አለዚያ ሁለተኛ የሚሰጥ አይገኝም።

አሁን ወደ ፊደል እንመለስ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደሚባለው የዓለም ፊደላት የቍጥር ሥርዓት የገባው በ3ኛው እትም በ1999 (በአውሮፓ አቈጣጠር) ነው። ከዚያ አስቀድሞ ልዩ ልዩ የፊደል ሠሪዎች ለየፊደሉ የየራሳቸውን ቍጥር ይሰጡ ስለ ነበረ፥ በአንዱ ኮምፒዩተር የተጻፈ አማርኛ ያ ፊደል በሌለው በሌላው ላይ ትርጕም የሌለው ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። አሁን ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ የታወቀ ቍጥር አለው። ሀ 4608፥ ሐ 4624፥ ኀ 4736 ነው፤ ሠ 4640፥ ሰ 4656 ነው። በአማርኛ አንደበት ድምፃቸው አንድ ቢሆንም ለኮምፒዩተር የተለያዩ ፊደላት ናቸው ማለት ነው። ይህ ነገር ለእኛ ደስታም ችግርም አለው። ደስታው፥ በግዕዝ ሠረቀ ማለት ወጣ፥ ሰረቀ ማለት ሌባ ሆነ ማለት እንደ ሆነ ሊቃውንት ያስተማሩን ልዩነት በመሣሪያው ውስጥም ሳይጠፋ መቅረቱ ነው። ችግሩ፥ ጸሓፊው የቀበሌውን ስም በሠ ጽፎት ፈላጊው በሰ ቢፈልገው ሳይገናኙ ሊቀሩ መቻላቸው ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤቱ ስም በማኅተሙ ላይ እንደ ተቀረጸ አድርጎ በገጹ ሁሉ በአንድ ዓይነት ይጻፍ፤ ሕዝቡ በሌላ ፊደል የሚጽፈው ከሆነ «ደግሞ እንዲህ ተብሎ ይጻፋል» ተብሎ አንድ ጊዜ ይጠቀስ።

በየቦታው የሚታይ አንድ መጥፎ ልማድ አለ። ማስታወቂያውን በወረቀት ጽፈው፥ ማኅተም አድርገው፥ በስልክ ፎቶግራፍ አንሥተው ሥዕሉን በገጹ ላይ ይለጥፉታል። ማኅተሙ ስለሚታይ የታመነ ይመስላል። ነገር ግን በሥዕል ውስጥ ያለ ቃል እንደ ተጻፈ ቃል በቀላሉ ተፈልጎ አይገኝም፤ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ስልክ የያዘ ዓይነ ስውርም እንደሚገባ ሊሰማው አይችልም። ክብደቱም ሌላ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በተለመደው አጻጻፍ 3 ባይት ስለሚይዝ ሺህ ፊደል ያለው ማስታወቂያ 3,000 ባይት ያህል ነው፤ በስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ ግን ብዙ ጊዜ ከ2 ሚሊዮን ባይት ይበልጣል። መስመሩ ደካማ በሆነበት ቀበሌ ወላጁ ገንዘቡን ከፍሎ ሥዕሉ ሳይከፈትለት ይቀራል። ስለዚህ ቃሉ በፊደል ይጻፍ፤ ፎቶግራፍ ካስፈለገም አንድ ወይም ሁለት፥ አሳንሶ፥ ምን እንደሚያሳይ ከሥሩ ጽፎ ማኖር ይበቃል።

በፎቶግራፍ ነገር ከሁሉ የሚበልጠው የልጆች ጕዳይ ነው። የልጅን መልክ ከሙሉ ስሙና ከሚኖርበት መንደር ጋር አንድ ላይ መግለጥ፥ ለማያውቁት ሰው ልጁን በእጅ ጠቁሞ እንደ ማሳየት ነው። የወላጅ ፈቃድ ሳይጠየቅ የልጅ ፎቶግራፍ አይውጣ፤ በፈቃድም ቢሆን ስሙ አይጻፍ። «ወላጆቹ የሞቱበት ድኻ ተማሪ» እያሉ የልጅን መከራ ለእርዳታ መለመኛ ማድረግ፥ ልጁ አድጎ ራሱ በሚያነብበት ቀን የሚያሳፍረው ነገር ነው። ከገጹ ላይ ቢፋቅ እንኳ ሌላ ሰው ቀድቶት ሊሆን ስለሚችል እንደ ወረቀት ቀዶ መጣል አይቻልም። የግል መረጃን ስለ መጠበቅ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ወጥቷልና ርእሰ መምህሩ ይህን የሚያስጠብቀው በርኅራኄ ብቻ አይደለም። እንዲሁም ከሌላ ትምህርት ቤት ገጽ ጽሑፍ ገልብጦ የራስ ማስመሰል በአዋጅ ቍጥር 410/1996 የተጠበቀውን የደራሲ መብት ሊነካ ይችላል።

ስለ ቀንና ስለ ሰዓት። በውጭ አገር ያለ አንባቢ «2 ሰዓት» ሲል ቢያነብ የፈረንጆቹን ሰዓት ሊያስብ ይችላልና «ከጧቱ» ወይም «ከምሽቱ» የሚለው ቃል አይቅር፤ ዓመቱም የትኛው አቈጣጠር እንደ ሆነ ይገለጥ።

ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ትምህርት ቤቱን ለማያውቅ ለአንድ ሰው ይሰጥና ያንብብ። ከዚያም ወረቀቱን ተቀብለው «ምዝገባው መቼ ነው? ማንን ልጠይቅ? በየት በኩል ልምጣ?» ብለው ይጠይቁት። መመለስ ያቃተውን ስፍራ መምህሩ እንደገና ይጻፈው። ከነዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ኮምፒዩተሩ ይግባ። በየገጹም ግርጌ ጽሑፉ የታረመበት ቀን ይጻፍ፤ በየወሩ መጀመሪያ የሚመረምረው አንድ መምህር ተለይቶ ይታወቅ። የድረ ገጹን የይለፍ ቃል የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ እንዳይሆን ይሁን፤ መምህር ይዛወራል፥ ይታመማልም፤ እርሱ በሄደ ጊዜ ገጹ የማይከፈት ቤት ሆኖ፥ የዱሮውን ቀን እየተናገረ ይቀራል። ስለዚህ የይለፍ ቃሉ በወረቀት ተጽፎ፥ በፖስታ ታሽጎ፥ ከትምህርት ቤቱ ማኅተም ጋር በአንድ ሣጥን ይቈለፍበት፤ ርእሰ መምህሩም ሲለወጥ በርክክቡ መዝገብ ላይ ተጽፎ ለተተኪው ይሰጥ።