የዛነፈ መጋዝ ሁሉ ያረጀ አይደለም
የማዕዘን መቁረጫ መጋዝ የሚገዛ ሰው ዋጋ ከመቁረጡ በፊት ሊያውቀው የሚገባ

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ ሲደርስባት የተቆረቆረች፣ ከጅቡቲ ወደብ የሚመጣ ዕቃ መተላለፊያ ሆና የኖረች የንግድ ከተማ ናት። በነሐሴ ወር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ነፃ የንግድ ቀጠና ተመርቆላታል። በእንዲህ ያለ ከተማ አዲስም ሆነ ያገለገለ የሥራ መሣሪያ መግዛትና መሸጥ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። ከእነዚህም አንዱ ሻጮች «ማይተር ሶው» የሚሉት፣ ጠረጴዛው ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዞር፣ ራሱም ወደ ጎን የሚያጋድል የኤሌክትሪክ መጋዝ ነው።

ይህ መሣሪያ ሲዛነፍ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ይሆናል። ወይ ባለቤቱ ደህናውን ማሽን «ተበላሽቷል» ብሎ በርካሽ ይሸጠዋል፣ ወይም ገዥው ያለቀውን ማሽን «ትንሽ ማስተካከል ነው የሚፈልገው» ተብሎ በውድ ይገዛዋል። ሁለቱንም ኪሳራ የሚያስቀረው የሚስተካከለውን ከማይስተካከለው መለየት ነው።

ግማሽ ዲግሪ ምን ታደርጋለች?

አራት ማዕዘን ላለው ክፈፍ ስምንት ቁርጥ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ቁርጥ በግማሽ ዲግሪ ወደ አንድ ወገን ቢስት በየማዕዘኑ የአንድ ዲግሪ፣ በጠቅላላው የአራት ዲግሪ ስህተት ይጠራቀማል። ጣውላው 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው መጋጠሚያው ጫፍ ላይ 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይከፈታል። ይህ ክፍተት በሙጫና በመሙያ ቢደፈንም ከደንበኛ ዓይን አይሰወርም። ከድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር ቀበሌዎች አንዷ በሆነችው በቢዮ አዋሌ ለሚሠራ አናጢ ጉዳቱ ይብሳል። የተበላሸውን ጣውላ ለመተካት ከተማ ድረስ መመለስ ቢኖርበት የመጓጓዣውና የባከነው ቀን ዋጋ በጣውላው ላይ ይደመራል። ማሽን በመኪና ሲጓዝ በመንገጫገጭ ልኩን ሊስት ስለሚችልም ሥራ ቦታ ሲደርስ እንደገና መፈተሽ ይኖርበታል።

የማይስተካከለው

ገዥው በመጀመሪያ ማሽኑ ከሶኬት መነቀሉን ያረጋግጥ። ከዚያ እጀታውን ይዞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይግፋው። ክንዱ መጋጠሚያው ላይ ከተላወሰና ብሎኑ ጠብቆም መላወሱ ካልቆመ፣ ዛሬ የተስተካከለው ነገ ይዛነፋል። ዲስኩን በእጅ ቀስ አድርጎ ሲያዞረው የሚወላገድ ከሆነ ዲስኩን በሌላ ቀጥ ያለ ዲስክ ቀይሮ ማየት ያስፈልጋል። አሁንም ከተወላገደ ጉዳቱ ዘንጉ ወይም ኩሽኔታው ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ማሽን ለመለዋወጫነት ካልሆነ በስተቀር መግዛት አያዋጣም። በ110 ቮልት የሚሠራ ማሽንም ያለ ትራንስፎርመር በአገራችን 220 ቮልት ላይ ቢሰካ ሊቃጠል ስለሚችል የተለጠፈበትን ጽሑፍ ማንበብ ግድ ነው።

የሚስተካከለው

ልኬቱ የሚጀመረው ከስኳድራው ነው። ቀጥ ባለ የጣውላ ጠርዝ ላይ አስደግፎ መስመር ማስመር፣ ከዚያም ስኳድራውን ገልብጦ እዚያው ላይ ማስመር ነው። ሁለቱ መስመሮች ከተገጣጠሙ ስኳድራው ይታመናል።

ቀጥሎ ጠረጴዛው ዜሮ ላይ ይቆለፍና ስኳድራው በእንጨት መደገፊያውና በዲስኩ መካከል ይገባል። መነካት ያለበት የዲስኩ ሜዳ እንጂ ጥርሱ አይደለም፤ ጥርሱ ከዲስኩ ስለሚወፍር ልኬቱን ያሳስታል። ክፍተት ከታየ፣ በአብዛኞቹ ማሽኖች የመደገፊያው ብሎኖች ላልተው ይስተካከላል። በሌሎቹ ደግሞ ቁጥሩ የተጻፈበት ሳህን ይንቀሳቀሳል። ጠቋሚው ቀስት ዜሮ ላይ የሚመለሰው ከዚህ በኋላ ነው።

ሦስተኛው ሥራ ማጋደያው ነው። ስኳድራው ጠረጴዛው ላይ ቆሞ ዲስኩ ቀጥ ማለቱ ይታያል፣ ካልሆነ የማቆሚያው ብሎን ይስተካከላል። የ45 ዲግሪው ማቆሚያም ለብቻው ይፈተሻል፣ የዜሮው መስተካከል ለእርሱ ዋስትና አይሆንምና። መዞርና ማጋደል በአንድነት የሚጠይቅ ቁርጥ የሚሞከረው ሁለቱም በየራሳቸው ከተስተካከሉ ብቻ ነው። ለምሳሌ ጀርባው ከግድግዳው ጋር 38 ዲግሪ ለሚሠራ የጣሪያ ዙሪያ ጌጥ፣ ጌጡ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሞ በቀጥተኛ የግድግዳ ማዕዘን ሲቆረጥ ጠረጴዛው 31.6፣ ማጋደያው 33.9 ዲግሪ ይሆናል። ከሁለቱ አንዱ ቢስት ጌጡ አይገጥምም።

የመጨረሻው ፈተና

ሁለቱ ጠርዞቹ ትይዩ የሆኑ ጣውላ በዜሮ ላይ መሀሉን ይቆረጣል። አንዱ ቁራጭ ፊቱ ወደ ታች ተገልብጦ ሁለቱ በቀጥታ ጠርዝ ላይ እንደገና ይገጠማሉ። በስፋቱ ክፍተት ከታየ መደገፊያው፣ በውፍረቱ ከታየ ማጋደያው ዛንፏል ማለት ነው። የሚታየው ክፍተት የእውነተኛው ስህተት እጥፍ በመሆኑ መታረም ያለበት ግማሹ ነው።

ይህ ፈተና ከአንድ ቁራጭ ጣውላ ሌላ ወጪ የለውም። ሻጭ አስቀድሞ ቢያደርገው ደህና ማሽኑን በደህና ዋጋ ይሸጣል። ደላላም ገዥው ፊት ቢያደርገው ኋላ ከሚመጣ ወቀሳ ይድናል። ክንዱ ያልላላ፣ ዘንጉ ያልተጣመመ ሆኖ ልኩን ብቻ የሳተ ማሽን የገጠመው ገዥ ግን ዋጋ አስቀንሶ ቢወስደው አይቆጭም።